«ጓደኛዬ ቀንታብኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማንለያይ ጓደኛሞች ነን። እሷ የደረሳትን እቁብ አውጥታ ሺያ በተር፣ የጉሎ ዘይትና የጥብስ ቅጠል ገዛንና እሷ ቤት የፀጉር ቅባት መሥራት ጀመርን። ቅመማው የእሷ ነው። ቲክቶኩ፣ ቴሌግራሙ፣ ዴሊቨሪው የእኔ። አሁን ገበያው ደርቷል። እኔ ብድር ወስደን ሱቅ እንክፈት እላለሁ፤ እሷ «ይኼ አይበቃንም?» ትላለች። ንግድ ፈቃዱን እንዲቀለን ብዬ በእኔ ስም አውጥቼው ነበር። የገና ባዛር ላይ ተለጥፎ አየችው። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ካልሆነ አትደውልልኝም። በስኬቴ ቀንታ ይሆን? ብቻዬን ልቀጥል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ የቅናቱን ነገር ለጊዜው እናቆየው። ጓደኛሽ ያየችው ስኬትሽን ሳይሆን ስምሽን ነው። በእሷ እቁብ ተጀምሮ በእሷ ወጥ ቤት የተሠራ ሥራ ላይ፣ የአንቺ ስም ብቻ ተጽፎ። ብልቃጥ እየደረደረች ቀና ስትል ያንን ወረቀት አየች። ደንበኛ ፊት ምን ልትልሽ ትችል ነበር?

ትልቅ መመኘትሽ ግን ጥፋት አይደለም። ይህን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። ሴት ልጅ «ገንዘብ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ስሜ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ» ስትል «ተለወጠች» ትባላለች። ስለዚህ ብዙዎቻችን ፍላጎታችንን እንደብቃለን። «እንዲቀለን ብዬ» ያልሽውን እስቲ ደግመሽ አንብቢው። ሁለት ሰው ቢሮ ለቢሮ መመላለሱ አድካሚ ነው፣ እውነት ነው። ለእሷ አለመንገሩ ግን ምን ያቀላል? እንደሚመስለኝ ሥራው እንዲያድግ አጥብቀሽ ትፈልጊያለሽ፤ እሷ እንደማትስማማም ታውቂያለሽ። ይሉኝታ ያዘሽና ፊት ለፊት ከመናገር በጎን ዞርሽ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ማርጋሬት ክላርክና ጀድሰን ሚልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሁለት ዓይነት ግንኙነቶችን ለይተው አጥንተዋል። በአንዱ ለሰው የምትሰጪው ስለሚያስፈልገው ነው፤ ሂሳብ አይያዝም። በሌላው ሰጥተሽ አቻውን ትጠብቂያለሽ። ጓደኝነት የመጀመሪያው፣ ንግድ የሁለተኛው ነው። እናንተ ንግዱን በጓደኝነት ደንብ ስትመሩት ቆያችሁ። የእቁቡ ብር ብድር ነው? ድርሻ ነው? ስጦታ ነው? መጠየቁ ነውር መሰላችሁና ማንም አልጠየቀም። ውሎ አድሮ ግን ሁለታችሁም በልባችሁ መቁጠር ጀመራችሁ።

በልብ የተያዘ ሂሳብ ለራስ ያደላል። በዚያው ዓመት ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ ባልና ሚስትን ለየብቻ «ከቤቱ ሥራ የአንተ ድርሻ ምን ያህል ነው? የአንቺስ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የሁለቱ መልስ ሲደመር በአብዛኛው ከሙሉው በልጦ ተገኘ። ዋሽተው አይደለም። ሰው የሚያስታውሰው የራሱን ድካም ነው። አንቺ በዝናብ ከጀሞ ሲኤምሲ ያደረስሽው ዕቃ፣ እኩለ ሌሊት «ዋጋ?» ለሚል ሁሉ የመለስሽው መልስ ትዝ ይልሻል። እሷ ደግሞ ሺያ በተሩ ቀስ ብሎ ሲረጋ አሸዋ አሸዋ እያለ ያስቸገራት፣ እንደገና አቅልጣ በረዶ ላይ ያማሰለችው፣ ደብተሯ ላይ ግራሙን እየሰረዘች የጻፈችው ትዝ ይላታል።

ስለዚህ ሂጂና አነጋግሪያት። በስልክ አይሆንም፤ የጋራ ጓደኛም አትላኪ። ቤቷ ሂጂ። «ሳልነግርሽ ፈቃዱን በስሜ ማውጣቴ ጥፋት ነው» በያት። ከዚያ በኋላ «ግን» እንዳትይ። ትቆጣ፣ ታልቅስ፣ የድሮውን ሁሉ ታንሳ። በዚያ ቀን ስለ ሱቅ ምንም አታንሺ።

የንግዱ ወሬ ሌላ ቀን ይሁን፤ ወረቀትና ካልኩሌተር ይዛችሁ ተቀመጡ። እቁቡ ድርሻ ይሁን ወይስ ይመለስላት? ቅመማው የማን ነው? ለምትሠሩት ደመወዝ፣ ለድርሻችሁ ደግሞ ትርፍ ለየብቻ ይሰላ። አንዳችሁ ብትወጡስ? «ይበቃናል» ስትል የምትፈራው ምን እንደሆነም ጠይቂያት። ምናልባት ብድር የቤተሰቧን ቤት ሲያስይዝ አይታ ይሆናል። ምናልባትም በእውነት ትንሽ ሥራ ነው የምትፈልገው፤ ያ ደግሞ ስንፍና አይደለም። እንዲህ ከሆነ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ብልቃጥ ለቅመማዋ የሚታሰብላት ክፍያ ይኑር፤ ማስፋፋቱን አንቺ ያዢው። የተስማማችሁትን ጻፉ፣ ጠበቃ ይየው።

«ብቻዬን ልቀጥል?» ላልሽው ሕጉ አይከለክልሽም። ለሁለት ባለድርሻ መሆን እንደሚቻል ሁሉ፣ በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) አንድ ሰውም ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። የእሷን ቅመማ እየሸጥሽ «ብቻዬን» ማለት ግን አትችይም። ወይ ትስማማለች፣ ወይ የራስሽን ከዜሮ ትጀምሪያለሽ።

ጓደኝነታችሁ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። እስክትነጋገሩ ድረስ ግን የብድሩን ወረቀት አትፈርሚ፤ የንግድ ምልክቱንም በስምሽ ብቻ አታስመዝግቢ።