«ሁሉንም ካድ፣ እሱ ያስረዳ» ለተባለው ወንድማችን፦ የመከላከያ መልስ አጻጻፍ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ለጀልባ ሞተር መግዣ 180,000 ብር ተበድረሃል። በእጅ የተጻፈ ውል አለ፤ ፈርመህበታል። ከዚያ ላይ 40,000 በባንክ፣ 20,000 ደግሞ በእጅ መልሰሃል። አበዳሪው ግን ምንም እንዳልተከፈለው ቆጥሮ 180,000ውን ከነወለዱ ጠይቆ ከሰሰህ። ራሱ ደግሞ ጀልባህን ሦስት ወር ተከራይቶ 45,000 ብር አልሰጠህም። መጥሪያው የመከላከያ መልስህን በጽሑፍ አዘጋጅተህ እንድትቀርብ ያዛል። ሰፈርተኛው «ሁሉንም ካድ፣ እሱ ያስረዳ» ይልሃል። «ልካድ ወይ?» ነው ያልከው።

አትካድ። ምክንያቱን ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ የጥብቅና ቢሮ 14 ዓመት ክስና መልስ ሳረቅቅ ኖሬአለሁ። እኔ እጽፋለሁ፣ ጠበቃው ያርማል። ወደዚህ ሥራ የገባሁት ግን በአጎቴ ጉዳይ ተቃጥዬ ነው።

አጎቴ ከዘጌ ቡና እያመጣ ይሸጥ ነበር። ከአንድ ነጋዴ ብር ተበደረ። ግማሹን መለሰና ደረሰኝ ተቀበለ። ጊዜው አልፎ ሲከሰስ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ዘንድ ሄደ። ሰውየው አንድ ገጽ ጻፈለት። «ከከሳሽ ምንም ገንዘብ አልተበደርኩም፤ ክሱ ፍጹም ሐሰት ስለሆነ ከወጪና ኪሳራ ጋር ውድቅ ይደረግልኝ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔም አብሬው ችሎት ተቀምጫለሁ። ዳኛው የብድር ውሉን ከመዝገቡ አውጥተው «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አሉት። አጎቴ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የእኔ ነው፣ ግን ግማሹን ከፍያለሁ» አለ። «መልስዎ ላይ የታለ ታዲያ?» አሉት። መልሱ ላይ የለም። ደረሰኙ እቤት በፌስታል ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዞት መጣ። ከመልሱ ጋር ያልቀረበበት በቂ ምክንያት የለም ተብሎ አልተቀበሉትም። የከፈለውን ብር ዳግመኛ ከፈለ። ያን ቀን ከፍርድ ቤት ወጥተን በጣና ዳር መንገድ ስንሄድ አንዲት ቃል አልተናገረም።

አጎቴ እውነት ነበረው። እውነቱን የሚይዝ የመልስ ወረቀት ግን አልነበረውም። አንተም ያለህ እውነት ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ተበድረሃል፣ ከፊሉን መልሰሃል። «አልተበደርኩም» ብለህ ከጀመርክ «መልሻለሁ» ማለት አትችልም። ያልተበደረ ሰው ምን ይመልሳል?

አሁን ሕጉን እንይ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 83 እና 235 የሚለው ግልጽ ነው። ተከሳሽ በጅምላ መካድ አይበቃውም። በክሱ የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ለይቶ ይቀበለዋል ወይም ይክደዋል። ለይተህ ያልካድከው እንዳመንከው ይቆጠራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ዝም ካልኩ ምንም አላልኩም ብሎ ያስባል። መልስህ ላይ ያለፍከው ነገር ሁሉ ግን ለከሳሽ ይጠቅማል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። የክሱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ፣ እስክሪብቶ ያዝ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ከሦስት አንዱን ጻፍ፦ «አምናለሁ»፣ «አላምንም»፣ «ከፊሉን አምናለሁ»። ይህን ሳትጨርስ ኮምፒውተር ቤት አትሂድ። ክሶች ላይ ሁለት ነገር በአንድ ቁጥር ተሰፍቶ ይመጣል፤ ተንኮሉ ያለው እዚያ ነው። ያንተ ቁጥር 4 «ተከሳሽ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. 180,000 ብር ተበድሮ እስካሁን አልመለሰም» የሚል ይመስለኛል፤ አብዛኛው እንዲህ ነው የሚጻፈው። አየኸው? «ተበድሮ» እና «አልመለሰም» ለየብቻ ናቸው። አንደኛው እውነት ነው፣ ሁለተኛው አይደለም። መልስህ ይህን ይመስላል፣ ቀኖቹን በራስህ ተካ፦

«በክሱ ቁጥር 4 በተጠቀሰው ቀን ከከሳሽ 180,000 ብር መበደሬን አምናለሁ። እስካሁን አልመለሰም የተባለውን አላምንም። ሰኔ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. 40,000 ብር በከሳሽ የባንክ ሒሳብ አስገብቻለሁ። መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም. 20,000 ብር ዓባይ ማዶ ከሳሽ ሱቅ ውስጥ በእጁ ሰጥቻለሁ። ስለዚህ የቀረብኝ ዕዳ 120,000 ብር ነው።»

ቀን፣ ቦታ፣ መጠን፣ በምን መንገድ፣ ለማን። ከዚህ የተረፈው ሁሉ ትርፍ ነው። «ከሳሽ ልቡ ክፉ ነው፣ እግዚአብሔር ያየዋል» አትበል። የተሰማህን ስሜት አልንቅም፤ ሰው ሲከሰስ ይጎዳል። ሕጉ ግን ማመልከቻው ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ብቻ እንዲይዝ ይፈልጋል፣ በተራ ቁጥር ተከፋፍሎ። ክርክሩና ማስረጃውን መተንተኑ በኋላ ይመጣል። ዳኛ በቀን ስንት መዝገብ እንደሚያገላብጥ አስበው። ሦስት ገጽ ምሬት ውስጥ የተቀበረች አንዲት የክፍያ ቀን ልትታለፍ ትችላለች።

የ20,000ዋ ነገር ግን ታሳስበኛለች። ልዋሽህ አልፈልግም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። መመለሱም እንዲሁ ነው። ዓሣ ሲያወርዱ የነበሩ ሁለት ልጆች ብር ስትሰጠው አይተው ይሆናል። የእነሱ ምስክርነት ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ቢሆንም ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰህ መልስህ ውስጥ አስገባው። ለምን ብትል፣ ፍርድ ቤቱ ጭብጥ ከመያዙ፣ ማለትም የሚያከራክሩትን ነጥቦች ለይቶ ከማስቀመጡ በፊት ተከራካሪዎቹን በቃል ይጠይቃል። እኔ ብዙ ከሳሾች እዚያች ሰዓት ላይ «አዎ፣ ያቺን ተቀብያለሁ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ዳኛ ፊት ቆሞ ዓይን ለዓይን መካድ ለብዙ ሰው ይከብደዋል። መልስህ ላይ ካልጻፍከው ግን ጥያቄው አይነሳም። በስልክ የተጻጻፋችሁት «ያቺ ሃያ ሺህ ደርሳኛለች» ዓይነት መልእክት ካለ ደግሞ እንዳታጠፋው።

ባንኩ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ቅርንጫፉ ሄደህ የዚያን ወር የሒሳብ መግለጫ ማኅተም ያለበት ጠይቅ። የከሳሽ ስም የሚታይበት መሆኑን እዚያው ቆመህ አረጋግጥ። ስም ሳይኖር ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ስንት ጊዜ እንደተመለሰ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወለዱን በተመለከተ፣ ውሉን አውጥተህ እየው። ወለድ በጽሑፍ ተስማምታችኋል? ስንት? ተዋዋዮች በብድር ላይ ከ12 በመቶ በላይ የዓመት ወለድ መስማማት አይችሉም፤ ቁጥር 2479 ነው። በእኛ ሰፈር «በወር አሥር» የሚባለውን ፍርድ ቤት አይቀበለውም። ክሱ ላይ ከዚያ በላይ ከተጠየቀ በዚያው ቁጥር አንጻር ተቃወም። ወለዱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ያልተገለጸ ከሆነም ያን ጻፍ።

አሁን ወደ ጀልባው ኪራይ። «እሱም ዕዳ ስላለበት ይቀናነስልኝ» ብለህ በመልሱ መሀል እንደ ወሬ አታስገባው። ይህ ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ የተከሳሽ ከሳሽነት ይባላል። በዚያው በመልስህ ወረቀት ላይ ይቀርባል፣ ግን የራሱ ርዕስ፣ የራሱ ቁጥሮች፣ የራሱ ማስረጃ ይኖረዋል። ከመቼ እስከ መቼ ተከራየ፣ በወር ስንት፣ የት ተስማማችሁ፣ ጀልባውን ማን አስረከበው፣ መቼ መለሰ። መጨረሻ ላይ «45,000 ብር እንዲከፍለኝ» ብለህ በቁጥር ትጠይቃለህ። የዳኝነት ክፍያም ይከፈልበታል፣ ብር ይዘህ ሂድ። የኪራዩ ውል በጽሑፍ ባይሆንም ቅር አይበልህ፤ ከብድሩ ጋር አንድ አይደለም። ጀልባውን ሲነዳ ያዩ ምስክሮች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ።

ከሁሉም በፊት የሚነሳ ነገር አለ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 ላይ ታገኘዋለህ። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ጉዳዩ አስቀድሞ ተፈርዶበታል፣ በሌላ ፍርድ ቤት ተይዟል፣ በይርጋ ታግዷል (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል)፣ በሽምግልና ዳኝነት እንዲያልቅ ስምምነት አለ፣ እነዚህንና የመሳሰሉትን ነው። ካለህ መጀመሪያ ላይ አንሳው፣ በኋላ አይሆንም። እንዳልከው ከሆነ አንተ ዘንድ የለም። የውል ዕዳ ይርጋ በመደበኛው 10 ዓመት ነው፤ ያንተ ገና ነው። የሌለ መቃወሚያ አትደርድር። አንዳንዱ ጸሐፊ ገጽ ለመሙላት ሁሉንም ይዘረዝራል። ዳኛው ያን ሲያይ ቀሪውንም በጥርጣሬ ያነበዋል፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማነበው።

ከመልሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። ሰነዶችህን ዘርዝር፤ ዋናው በማን እጅ እንዳለ ጻፍ። ምስክሮችህን ከነሙሉ ስማቸውና አድራሻቸው፣ ምን እንደሚያስረዱ ጭምር ጻፍ። «ጉዳዩን ያስረዳሉ» አይደለም። «1ኛ ምስክር ከሳሽ ጀልባውን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲጠቀምበት ማየታቸውን ያስረዳሉ» እንጂ። አጎቴን የጎዳው ደረሰኝ መቼም ከዓይኔ አይጠፋም። ያለህን ወረቀት ሁሉ አሁን አያይዝ፣ ለነገ አታስቀር።

መጨረሻ ላይ «የቀረበው መልስ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር አለ፤ አጽሕሮቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር ማለት ነው። ሰዎች እንደ ማሳመሪያ ይቆጥሩታል። ፊርማህ ከሥሩ ይቀመጣል፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅክ ብታረጋግጥ በወንጀል ሊያስጠይቅህ ይችላል። «ሁሉንም ካድ» የሚሉህ ሰዎች እዚያች መስመር ሥር አይፈርሙልህም።

ከታች ደግሞ «እኔስ ከሳሽ ብሆን?» ብላ የጠየቀች እህት አለች። እህቴ፣ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 222 ተከተይ። የፍርድ ቤቱ ስም፣ የሁለታችሁ ስምና አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት መቼና የት እንደተፈጠረ፣ የገንዘቡ ግምት፣ የምትጠይቂው ዳኝነት። በብዛት የሚበላሸው የመጨረሻው ነው። «ፍትሕ ይሰጠኝ» ብለው ይጨርሳሉ። ስንት ብር፣ ከነምን፣ ከማን? በግልጽ ያልጠየቅሽውን ዳኛ አይሰጥሽም። የዳኝነት መክፈያ የሌለሽ እንደሆነ ደግሞ በነጻ ለመክሰስ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ፤ ከቁጥር 467 ጀምሮ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም አቅም ለሌላቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እኔ የላክኋቸው ሰዎች ተረድተው ተመልሰዋል።

ወንድሜ፣ ቀጠሮውን ግን እንዳትቀር። ሳትቀርብ ብትቀር በሌለህበት ይታያል። በቂ ምክንያት ካለህ ፍርዱን ባወቅክ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱን ከማስነሳት ግን መገኘት ይቀላል። መልሱን በሦስት ቅጂ አዘጋጅ፦ ለፍርድ ቤቱ፣ ለከሳሽ፣ ለራስህ። ያንተው ላይ መዝገብ ቤት ቀን ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉልህ ጠይቅ። ስታረቅቅ ቁጥር 4 ላይ ከተቸገርክ የክሱን ጽሑፍ ስሞቹን አጥፍተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ዛሬ ማታ እቤት ነኝ፣ አየዋለሁ።