ከተማው የት ላይ ያልቃል? (ስለ ሜትሮፖሊታን ሕዝብ ለተጠየቀው)

እህታችን ለመመረቂያ ጽሑፏ የጠየቀችው ይህን ነው። «የአዲስ አበባን ሕዝብ ብዛት ስፈልግ አንዱ ጋ ከ4 ሚሊዮን በታች፣ ሌላው ጋ ከ5 ሚሊዮን በላይ ይላል። የቱን ልያዝ? የሜትሮፖሊታን ሕዝብ የሚባለውስ እንዴት ነው የሚወሰነው? የእኛዋ ደብረ ብርሃን ሜትሮፖሊታን ናት?» ነገሩ ለብዙ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በ1999ኙ ቆጠራ ቆጣሪ ነበርኩ። ያኔ መምህር ነኝ፤ እንደ ብዙ ባልደረቦቼ ሠልጥኜ ወጣሁ። የደረሰኝ የቆጠራ ቦታ ደብረ ብርሃን ዳር፣ ባሶና ወራና ወረዳ ውስጥ ነበር። የያዝኩት ካርታ ላይ አንዲት ጅረት አለች። ከጅረቷ ወዲህ ከተማ፣ ወዲያ ገጠር። መሬት ላይ ግን ጅረቷ ሁለት እርምጃ አትሞላም። ወዲህም ቆርቆሮ ቤት፣ ወዲያም ቆርቆሮ ቤት።

ማዶ ያገኘኋቸው አንዲት እናት እስካሁን ከዓይኔ አይጠፉም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጃቸው ፋብሪካ ይሠራል፤ ጠዋት በእግሩ ሄዶ ማታ ይመለሳል። የልጅ ልጃቸውም ከተማ ነው የሚማረው። ገጠር ተብሎ እንደሚመዘገብ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ገበያችን እዚያ፣ ሐኪማችን እዚያ፣ እንጀራችን እዚያ። እኛ ታዲያ ምናችን ነው ገጠር?» አሉኝ። የምሞላው የሚኖሩበትን ቀበሌ ስለሆነ ሞልቼ ሄድኩ። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ቀረ።

ሜትሮፖሊታን የሚባለው አሠራር የመጣው ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ሰው የሚያድርበትን ብቻ ሳይሆን የሚውልበትንም ያያል። አሜሪካኖቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1910 ቆጠራቸው ጀመሩት። ዛሬ አሠራራቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቢያንስ 50,000 ሰው ያለበት ጥቅጥቅ ያለ ከተማ ይፈለጋል። ከተማው ያለበት ካውንቲ፣ በእኛ ወረዳ ወይም ዞን በይው፣ እምብርት ይሆናል። ከዚያ ጎረቤት ካውንቲዎች ይታያሉ። ከአንዱ ካውንቲ ሠራተኛ ነዋሪዎች ቢያንስ 25 በመቶው ወደ እምብርቱ እየሄዱ የሚሠሩ ከሆነ ካውንቲው በሙሉ ይጨመራል።

«በሙሉ» የምትለዋን ልብ በይልኝ። ካሊፎርኒያ ያለው የሳን በርናርዲኖ ካውንቲ ስፋት 52,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው በረሃ ነው። ግን በስታቲስቲክስ ሙሉው የሜትሮፖሊታን ክልል ነው። የእኛ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ በአማራ ክልል ያለው፣ ወደ 16,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ማለትም ያ «ከተማ» ከመንዝ እስከ ምንጃር ያለውን አገራችንን ሦስት ጊዜ ይበልጣል! መሠረቱ የአስተዳደር ወሰን ሲሆን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል።

የመቁረጫው ልክም ከአገር አገር ይለያያል። አውሮፓውያኑ 15 በመቶ ይላሉ። ጃፓኖች ለትልልቆቹ ሜትሮፖሊታኖቻቸው ተማሪውንም ጨምረው፣ ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ወደ ማዕከሉ የሚመላለሰው ከጠቅላላው ነዋሪ 1.5 በመቶ ከሞላ ይበቃል ይላሉ። ስለዚህ የቶኪዮን ሕዝብ አንዱ 14 ሚሊዮን፣ ሌላው 37 ሚሊዮን ሲልሽ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። የመጀመሪያው አስተዳደሩን ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ሁለተኛው በዙሪያው የተያያዘውን ሁሉ። የቻይናዋ ቾንግቺንግ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። አስተዳደሯ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ቢይዝም ውስጡ ሰፊ የእርሻ መሬት አለ። ያን ቁጥር የከተማ ሕዝብ ብሎ መጥራት ያሳስታል።

ይህ ሁሉ አገርን ከአገር ለማወዳደር ስላስቸገረ የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2020 (በእኛ 2012) አንድ የጋራ ዘዴ አጸደቀ። ወሰን ትቶ መሬቱን በአንድ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ይከፋፍለዋል። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 1,500 ሰው ያለባቸው ክፍልፋዮች ተያይዘው 50,000 ሰው ከሞሉ ከተማ ይባላሉ። እኔ ይህን ዘዴ እወደዋለሁ። ጅረት አያግደውም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማ መነሻው 2,000 ነዋሪ ነበር። ግን የክልል፣ የዞንና የወረዳ ዋና ከተማ ከሆነ ሕዝቡ ስንትም ይሁን ከተማ ነው። ከተማና ገጠርን ይለያል እንጂ ማን ወዴት ሄዶ እንደሚሠራ አይነግርሽም።

በዚያ ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ያገኘሻቸው ሁለቱም ቁጥሮች ትንበያ ናቸው። የታሰበው የዕድገት መጠን ትንሽ ሲለያይ ከዓመታት በኋላ ልዩነቱ ሚሊዮን ይደርሳል። በዚያ ላይ ወሰኑ አለ። ታናሽ እህቴ ለገጣፎ ትኖራለች፣ መገናኛ አካባቢ ትሠራለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ሰልፍ ትይዛለች። የአዲስ አበባን ታክሲ ትጠቀማለች፣ ምሳዋን እዚያው ትበላለች፣ ጀንበሯ የምትጠልቀው እዚያ ነው። በአስተዳደር ግን ለገጣፎ ኦሮሚያ ክልል ነው። ዛሬ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ገብቷል። ለመንገድና ለአውቶቡስ የሚያቅድ ሰው የአስተዳደሩን ቁጥር ብቻ ከያዘ እህቴን አያያትም። ይህ ያሳዝነኛል።

ስለ ደብረ ብርሃን ለጠየቅሽው፦ ሪጂዮፖሊታን የሚለው ስሟ የአስተዳደር ደረጃ ነው። ከስታቲስቲክሱ ጋር አታቀላቅዪው። በ1987 ቆጠራ 38,717፣ በ1999 ደግሞ 65,231 ነዋሪ ነበራት። ዛሬ ፋብሪካው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ከየቦታው ተፈናቅሎ የመጣውም ወገን ስላለ ከዚያ በጣም እንደምትበልጥ ማንም ያያል። በሕዝብ ብዛት እምብርት ለመሆን አያንሳትም። የጎደለው ሁለተኛው እግር ነው። ከጫጫ፣ ከቀይትና ከዙሪያው ቀበሌዎች ስንት ሰው ደብረ ብርሃን ሠርቶ ውሎ እንደሚገባ የሚያሳይ መረጃ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጽሑፍሽ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሦስት ነገር ጻፊ፦ ዓመቱን፣ ቆጠራ ነው ወይስ ትንበያ የሚለውን፣ ወሰኑን። የ1987ቱንና የ1999ኙን ከማወዳደርሽ በፊትም በመካከል የከተማው ወሰን ተቀይሮ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ። ወሰን ሲሰፋ አንድም ሰው ሳይወለድ ሕዝብ ይጨምራል።

ጊዜ ካለሽ ደግሞ አንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ጫጫ መናኸሪያ ሂጂ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣውን ሚኒባስ ቁጠሪ፣ ተራ አስከባሪዎቹንም አነጋግሪ። ተሳፋሪውን «ለሥራ ነው? ማታ ትመለሳለህ?» ብለሽ ጠይቂ። የገበያ ቀን ሌላ ሕዝብ ስለሚወጣ ለብቻው መዝግቢው። የዙሪያውን ቀበሌዎች ለማየት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ያ የቆጠርኩበት ሰፈር የት እንደሆነ አሳይሻለሁ።