ባትሪውን ከመጣልዎ በፊት አንድ ሌሊት ያብሉት

ጥያቄዎን እንዲህ ተረድቼዋለሁ። ብርዱ ከበረታ ወዲህ መኪናዎ ጠዋት ጠዋት እያቃሰተች ትነሳለች፤ ከቀትር በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረባት ትሆናለች። ባትሪው አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በመልቲሜትር ሲለኩት 12.3 ቮልት አሳየዎት። መካኒኩ «አልቆለታል፣ ይለወጥ» ሲልዎት፣ ጎረቤትዎ ደግሞ «የብርድ ነገር ነው፣ ያልፋል» አለዎት። ማንን ልመን ነው የሚሉት።

ለጊዜው ሁለቱንም አይመኑ። 12.3 ቮልት የሚነግረን ባትሪው ከግማሽ እምብዛም ያልበለጠ ኃይል እንደያዘ ብቻ ነው። ስለ ጤናው ገና ምንም አላወቅንም። የራበው ሰውም የታመመ ሰውም እኩል ይዝላሉ፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ካበሉት በኋላ ነው።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ኪስ ከፍዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኔም መኪና ብርድ ሲመጣ እንደ እርስዎዋ ማቃሰት ጀመረች። ምንም ሳልለካ ሮጬ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ያህል በደስታ ነዳሁ፤ በሦስተኛው ያው ማቃሰት ተመለሰ። ባትሪውን ተሸክሜ ሻጩ ጋ ሄጄ ተጨቃጨቅሁ። ሰውየው በትዕግሥት ለክቶ «ደህና ነው» ቢለኝም አላመንኩትም። በመጨረሻ አንድ የማውቀው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አሳርፎ «ቁልፉን አዙር» አለኝ። ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር፣ ሲዞር 1.4 ቮልት ታየ። እዚያ መስመር ላይ መታየት የነበረበት ከ0.2 ቮልት ብዙም ያልራቀ ቁጥር ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኬብል ከታች በኩል፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ ዝገትና አረንጓዴ ብናኝ በልቶታል። በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ፣ በደንብ ጠብቆ ሲታሰር መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ለዘመዴ በነጻ የሰጠሁት አሮጌው ባትሪ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አገልግሎታል። ባገኘኝ ቁጥር ያመሰግነኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ስለዚህ ኮፈኑን ከፍተው በዓይንና በእጅ ይጀምሩ። ማሰሪያዎቹን ነቅነቅ ያድርጓቸው፤ በእጅ ኃይል የሚዞሩ ከሆነ ላልተዋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ካለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠብ። የባትሪው ገላ አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ወይም የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካለው ግን ምርመራው እዚያው ያበቃል፤ ይወገድ።

ቀጥሎ ማብላቱ፣ ማለትም ቻርጅ ማድረጉ ነው። ሃያ ደቂቃ ነድቶ መመለስ ባትሪ አይሞላም፤ በተለይ የቀዘቀዘ ባትሪ ኃይል የሚቀበለው እየተግደረደረ ነው። በአጭር በአጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ መኪና በብርድ ወቅት ለማስነሳት የምታወጣውን ያህል ሳትመልስ ነው ሞተሯ የሚጠፋው። ቻርጀር ይዋሱ ወይም ይግዙ፤ መጠኑ ከባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ቢሆን ይበቃል፤ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከሆነ 6 አምፔር ማለት ነው። ሌሊቱን አየር በሚገባበት ቦታ ይሞላ፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን በሲጋራ ብልጭታ እንኳ ይፈነዳል። አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎት፤ ፈጽሞ የወረደ ባትሪ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ውስጡ በረዶ ሊሆን ይችላል። ሙሉው ግን በዚያ ብርድ ምንም አይሆንም። በረዶ የሆነ ባትሪ ከነበረዶው ቻርጅ አይደረግም፣ ከሌላ መኪናም በኬብል አይቀጠልም።

ከሞላ በኋላ ለመለካት አይቸኩሉ። ከቻርጀር የወረደ ባትሪ 13 ቮልትና ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ይህ የላይ ላይ ሙሌት ነው። ቢያንስ ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ይረፍ። ካረፈ በኋላ 12.6 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ጠግቧል። በሚገባ ሞልቶ ካደረ በኋላ 12.4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይጠርጥሩት። ወደ 10.5 አካባቢ ከቆመ ደግሞ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሞቷል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ሴል 2.1 ቮልት ገደማ ስለሆነ ሂሳቡ ራሱ ይመሰክራል።

አሁን ዋናው ፈተና መጣ። ብዙ ሰው 12.6 ሲያይ «ደህና ነው» ብሎ ኮፈኑን ይዘጋል፤ እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ዘግቼ በማግስቱ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ። እንስራ እስከ አፉ ሞልቶ ሊታይ ይችላል፤ ውስጡ ግማሹ ደለል ከሆነ ግን ሁለት ኩባያ ሲቀዱለት ያልቃል። ያረጀ ባትሪም እንደዚያ ነው። የእርሳስ ሰሌዳዎቹ በሰልፌት ተሸፍነዋል ወይም ተበልተዋል፤ ቮልቱ ከፍታውን እንጂ የቀረውን አቅም አያሳይም። አቅሙ የሚታየው ሲቀዳለት ነው።

ስለዚህ ጠዋት፣ መኪናዋ ውጭ አድራ፣ ከመጀመሪያው ማስነሳት በፊት መልቲሜትሩን በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ያድርጉና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። መልቲሜትሩ ዝቅተኛውን ቁጥር የሚይዝ ከሆነ ያንን ይጠቀሙ፤ ዓይን አይደርስበትም። በ20 ዲግሪ አካባቢ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። በብርድ ግን ወለሉ ራሱ ይወርዳል፤ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ 9.1፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ደግሞ 8.5 ድረስ ይፈቀድለታል። በሙቀት ጊዜ መስፈርት በብርድ ጠዋት የሚፈረድባቸው ስንት ጤነኛ ባትሪዎች አሉ! ሞልቶ፣ አርፎ፣ ለብርዱ ከተፈቀደው በታች ወደ 7 ከወረደና የዳሽቦርዱ መብራት አብሮት ከደበዘዘ፣ መካኒክዎ ልክ ነበር።

ተቃራኒውንም ልብ ይበሉ። ሞተሩ በግድ እየተጎተተ ሲዞር ባትሪው ላይ 11 ቮልት ከታየ፣ ባትሪው ከተጠያቂነት ነጻ ነው። ወይ ኬብሉ ነው እንደ እኔው፣ ወይ ሞተሪኖው። ድምፁም ይረዳል፤ ተከታታይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ማነስ ነው፤ መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ወደ ሞተሪኖው ያዘነብላል።

ጎረቤትዎ ስለ ብርዱ ያሉት ግማሽ እውነት አለው። በዜሮ ዲግሪ ባትሪ ከማስነሻ ኃይሉ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ከዜሮ በታች 18 ላይ ግማሽ ያህሉን። ዘይቱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወፍሮ ሞተሩ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ነገር ግን ባትሪውን ያስረጀው ያለፈው ሙቀት ነው፤ ብርድ ምስክርነቱን ለመስጠት ነው የመጣው። ጤነኛ ባትሪ ይህን ሁሉ ታሳቢ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ «ያልፋል» ብሎ መተው አይሠራም።

በመመርመሪያ መሣሪያ የሚለካልዎት ካለ፣ ባትሪው ላይ የተጻፈውን የብርድ ማስነሻ አምፔር (CCA) በትክክል አስገብቶ እንደሆነ ይዩ። ይህ ቁጥር አዲሱ ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ ለ30 ሰከንድ የሚሰጠው የአምፔር መጠን ነው። 600 ተጽፎበት መሣሪያው 520 ቢል አይደንግጡ። እኔ ከሁለት ሦስተኛ በታች ሲወርድ ነው የምለውጠው። ደግሞም መሣሪያው «ሞልተህ እንደገና ለካ» ካለ ትርጉሙ ያው ራሱ ነው፤ ብዙ ሰው ግን «ጥለህ ግዛ» ብሎ ያነበዋል። የእርስዎ መካኒክም ባትሪውን በ12.3 ላይ ሳለ ለክቶት ከሆነ ፍርዱ ያልበሰለ ነው።

ሁለት ነገር በአጭሩ ልጨምር። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካልታየ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ወይም ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ ያስፈትሹ፤ በአዳዲስ መኪኖች ግን ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው አንድ ጊዜ ብቻ አይተው አይፍረዱ። ባትሪው ሞልቶ አድሮ ያለምንም ሥራ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ መኪናዋ ቆማ ሳለች ኃይል የሚሰርቅ ነገር ሊኖር ይችላል። መኪናዋ ተቆልፋ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተኛች በኋላ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ መሳብ የለባትም። ይህን ሲለኩ መልቲሜትሩ በመስመሩ መካከል እያለ ቁልፉን አያዙሩ፤ የመልቲሜትሩን ፊውዝ በእንዲህ ዓይነት ነገር ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቻርጀር ላይ ያድርጉት፣ ነገ ይረፍ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ይለኩት። መለወጥ ግድ ከሆነ የብርድ ማስነሻ አምፔሩ አምራቹ ካዘዘው ያላነሰ ይሁን፤ ሞተሯ የትራፊክ መብራት ላይ ራሱ እየጠፋ የሚነሳ መኪና ከሆነች ደግሞ ተራ ባትሪ አይተኩላት። ሲፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድመው፣ ሲያስሩ ኔጌቲቩን አስከትለው። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ቁጥሮች ይጻፉልኝ፤ አርፎ ያደረበትን፣ ሲያስነሱ የወረደበትንና ሞተሩ እየሠራ ያሳየውን። የጠዋቱን ብርድ መጠንም አይርሱ፤ ያለ እሱ ሁለተኛው ቁጥር አይነበብም።