ኩባያ ላይ ለማተም የትኛውን ፕሪንተር ልግዛ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የምረቃና የሠርግ ወቅት ሲቃረብ እዚህ ጅማ ፎቶ የታተመበት ኩባያ የሚያሳትመው ሰው ይበዛል። «እኔስ ለምን ቤቴ አላትምም?» የሚሉ ደብዳቤዎችም አብረው ይመጣሉ። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ከሄርማታ፦ ከቢሮ የተረፈ ሌዘር ፕሪንተር አለኝ፤ ለሰብሊሜሽን ይሆነኛል ወይ?

አይሆንዎትም፤ ሰብሊሜሽን ማለት ወረቀት ላይ የታተመው ቀለም በሙቀት ጋዝ ሆኖ ወደ ኩባያው እንዲገባ ማድረግ ነው፤ የሌዘር ፕሪንተር ተራ ቶነር (የዱቄት ቀለም) ግን በሙቀት ወደ ጋዝ አይለወጥም።

አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፦ ለተማሪዎቼ ምረቃና ለዘመድ ልደት በወር አሥር ያህል ኩባያ ማተም እፈልጋለሁ፤ ምንም የማላትምበት ወርም ይኖራል። የወንድሜ ልጅ ቤት ያለውን ካኖን ቀለሙን ቀይረን እንጠቀም ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መምህርት፣ ካኖኑን ለልጁ የትምህርት ቤት ሥራ ይተዉለት። የካኖንና የኤችፒ የቤት ውስጥ ኢንክጄት ፕሪንተሮች ቀለሙን የሚረጩት በሄዱ (ቀለም በሚረጨው የፕሪንተሩ ክፍል) ውስጥ ያለች ትንሽዬ ማሞቂያ ቀለሙን ለቅጽበት አፍልታ በአረፋ ስትገፋው ነው፤ የሰብሊሜሽን ቀለም ደግሞ ሙቀት ማግኘት ያለበት ኩባያው ላይ ሲጫን እንጂ ሄዱ ውስጥ አይደለም። ኤፕሰን ቀለሙን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሲነካው በሚተጣጠፍ ክሪስታል፣ ያለ ማፍላት በመሆኑ ነው ብዙዎቹ የዚህ ሥራ ሰዎች ወደ እሱ የሚሄዱት። መንገዱ ሁለት ነው፦ ለሰብሊሜሽን ተብሎ የተሠራውን የኤፕሰን ኤፍ100 መግዛት፣ ወይም እንደ ኤፕሰን ኤል3250 ያለ ባለታንክ (ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላ) ፕሪንተር አዲስ ገዝቶ ተራ ቀለም ሳይነካው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰብሊሜሽን ቀለም መሙላት። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የፋብሪካውን ዋስትና ያጣሉ፤ የፈተና ወረቀትም ከዚያ ወዲያ አያትሙበትም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን፣ የትኛውንም ከመግዛትዎ በፊት አንድ ስሌት አብረውኝ ይሥሩ። የተለመደው 325 ሚሊ ሊትር ኩባያ ዙሪያውን የሚይዘው ሥዕል 20 በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስቱን ይይዛል። አሥር ኩባያ ማለት እንግዲህ አራት ወረቀት ነው። ፕሪንተሩ ወሩን ሙሉ ተቀምጦ አራት ወረቀት ብቻ ያትማል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለሄዱ ከብዙ ሥራ ይልቅ የሚከብድ ነገር ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም ቅንጣቱ በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ የተንሳፈፈ እንጂ የሟሟ ስላልሆነ፣ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይዘቅጣል፤ ከፀጉር በቀጠነው ቀዳዳ አፍ ላይም ይደርቃል።

ይህን የምናገረው ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። አንድ ዓመት ሐምሌንና ነሐሴን ፕሪንተሬን ሳልነካው ከረምኩ። መስከረም ላይ የኖዝል ቼክ ወረቀት (የቀለም ቀዳዳዎቹ መሥራታቸውን የሚያሳይ የሙከራ ገጽ) ሳወጣ የጥቁሩና የቢጫው መስመሮች እንደ መሰላል ሙሉ ሆነው ወጡ፤ የማጀንታው (የሐምራዊ-ቀዩ ቀለም) መሰላል ግን የቀሩለት ሁለት እርከኖች ብቻ ነበሩ። ሄድ ክሊኒንግ (ፕሪንተሩ ራሱ ሄዱን የሚያጸዳበትን ትእዛዝ) ሰባት ጊዜ ደጋገምኩ። የታንኩ ቀለም ከመስመሩ በታች ሲወርድ በዓይኔ አየሁ፤ ያ ሁሉ ቀለም ወረቀት ሳይነካ ወደ ውስጠኛው የቆሻሻ ስፖንጅ ገባ። ማጀንታው አልተመለሰም፤ በዚያ ሳምንት ያተምኩት የሙሽሮች ፎቶም ፊታቸው አረንጓዴ መስሎ ወጣ፤ ገንዘቡን መለስኩ።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው የኩባያ ሂት ፕሬስ (የታተመውን ወረቀት በሙቀት ኩባያው ላይ የሚጫን ማሽን) ብቻ እንዲገዙ ነው። ፕሬስ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ አይደርቅም። ወረቀቱን በየቀኑ ሰብሊሜሽን ከሚሠራ ማተሚያ ቤት ያሳትሙ፤ ሦስት ሥዕል በአንድ ኤ4 ገጥመው፣ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ፣ በሰብሊሜሽን ወረቀት ላይ እንዲታተም ይንገሯቸው። ቤትዎ ወስደው በ180 እና በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ለሦስት ደቂቃ ያህል ይጫኑት። ትዕዛዙ አድጎ በየሳምንቱ የሚያትሙ ሲሆኑ፣ ያን ጊዜ ፕሪንተር ይግዙ፤ ሥራ በሌለበት ሳምንትም ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ ማተምን አይርሱ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ወረቀቱ ላይ የወጣው ቀለም የደበዘዘ ነው፤ ቀለሙ ተመሳስሎ የተሠራ ይሆን? ልመልሰው?

አትመልስ። የሰብሊሜሽን ቀለም ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ደብዛዛ ነው፤ የሚደምቀው ከተጫነ በኋላ ነው። መፍረድ ያለብህ ኩባያውን አይተህ ነው።

ከጅሬን፦ መርካቶ የገዛሁት ነጭ ኩባያ ላይ ያተምኩት ፎቶ በመጀመሪያው እጥበት ለቀቀ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሙቀቱን ልጨምር?

እባክዎ ሙቀት አይጨምሩ፤ ጥፋቱ የፕሬሱም የፕሪንተሩም አይደለም። ቀለሙ በጋዝ መልክ የሚገባው በሙቀት በተከፈተ ፖሊመር (ኩባያው ላይ በሚቀባ ፕላስቲክ መሰል ሽፋን) ውስጥ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ፖሊመሩ ይዘጋበትና ቀለሙ ታስሮ ይቀራል። ተራ የሸክላ ኩባያ መስታወት መሰሉ ልባጥ ቀለሙን የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ተቀምጦ በሳሙና ይሄዳል። ሲገዙ ለሰብሊሜሽን የተቀባ መሆኑን አረጋግጠው ይግዙ፤ አንድ ካርቶን ከመውሰድዎ በፊትም አንዱን አትመው በሽቦ ሳይሆን በለስላሳ ስፖንጅ አጥበው ይሞክሩት።

ጥቁር ኩባያ ላይ ነጭ ጽሑፍ?

በሰብሊሜሽን አይቻልም፤ ነጭ ቀለም የለውም።

አንድ አባት፦ ልጄ ፕሬሱን ሲነካው ትንሽ ይነዝረኛል ይላል፤ ጫማ ሲያደርግ ግን ይተወዋል። ችግር አለው?

አለው፤ ትልቅ ችግር አለው። ይህን መልስ ሲያነቡ ፕሬሱ ከሶኬት ካልተነቀለ አሁኑኑ ይንቀሉት። 220 ቮልት የሚጠቀም፣ ውጭው ብረት የሆነ ዕቃ ከነዘረ ኤሌክትሪኩ ወደ ገላው እየወጣ ነው፤ ምናልባትም የቤቱ ሶኬት የመሬት ሽቦ የለውም። ጫማው የሸፈነው አደጋውን ነው እንጂ አላጠፋውም፤ ልጅዎ አንድ ቀን በእርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግሩን ይቆም ይሆናል። ፕሬሱንም የቤቱን መስመርም ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያያቸው ማንም እንዳይሰካው። የጎረቤት ልጅ «አየሁት፣ ደህና ነው» ቢል አይበቃም። በዚህ ጉዳይ ላይ አደራ እላለሁ።

ቤት ውስጥ ለማተም ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

ለሽያጭ ከሆነ የወረዳዎን ንግድ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

አንዲት ደንበኛ፦ በበጋ ጥሩ የነበረው ህትመት ክረምት ሲገባ ጠርዙ መፍሰስና ነጠብጣብ ማውጣት ጀመረ። ፕሪንተር ልቀይር?

አይቀይሩ፤ ወረቀትዎ እርጥበት ስቧል። የጅማን ክረምት ያውቁታል፤ ልብስ እንኳ ሦስት ቀን ሳይደርቅ የሚውልበት አየር ነው። በወረቀቱ ውስጥ ያለው ውሃ ፕሬሱ ሲሞቅ እንፋሎት ይሆንና ቀለሙን ወደ ጎን ይገፋዋል። እሽጉን ከከፈቱ በኋላ የቀረውን ወረቀት በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት አስገብተው ከግድግዳና ከወለል አርቀው ያስቀምጡ። ኩባያውንም ከማተምዎ በፊት ወረቀት ሳይጠቀልሉበት ፕሬሱ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ያሙቁት፤ የታተመውን ወረቀት ደግሞ በእጅዎ ሲነኩት ሙሉ በሙሉ ደርቆ እስኪያገኙት ድረስ አይጠቅልሉት።