ሽርክናው ሲፈርስ ፈቃዱ በባልደረባዎ ስም ከሆነ

ጠያቂ ወንድማችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ከጓደኛዎ ጋር በሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ የሚያዘጋጅ ድርጅት አብራችሁ ጀምራችሁ፣ የንግድ ፈቃዱ በእርሱ ስም ብቻ ወጥቶ፣ አሁን የድረ ገጹንና የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ቀይሮ «አንተ ተቀጣሪዬ ነበርህ» ብሎዎታል፤ «ልክሰሰው ወይስ የራሴን ልክፈት?» ነው የሚሉት። እኔም በዚሁ ሥራ፣ በዚሁ ደባርቅ፣ ይህንኑ ቃል ከራሴ ባልደረባ አፍ ሰምቼ ድርሻዬን አስከብሬ የወጣሁ ሰው ስለሆንሁ፣ የእኔን ያህል እንዳይንከራተቱ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

አንደኛ፣ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት እንዳይሄዱ። «ተቀጣሪ ነበርህ ካለህ የስንብት ክፍያና ካሳ ጠይቀው፣ ቶሎ ያልቃል» የሚሉ መካሪዎች አይጠፉም፤ ለእኔም ብለውኛል። ያንን አቤቱታ በፈረሙበት ቀን ግን ተቀጣሪ መሆንዎን በገዛ ፊርማዎ አረጋገጡለት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የትርፍ ድርሻ ቢጠይቁ ለዳኛው የሚያሳየው የእርስዎኑ ወረቀት ነው። የእርስዎ ጥያቄ የሽርክናው ሂሳብ ተጣርቶ ድርሻዬ ይሰጠኝ የሚል ነው። በ1952ቱም ሆነ እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የንግድ ሕግ፣ በንግድ መዝገብ ያልገባና ለውጭ ሰው ያልተገለጠ ሽርክና የእሽሙር ማኅበር ሆኖ ይታያል፤ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የለውም፣ ለእንግዳውም ለባንኩም የሚታወቀው በስሙ የተዋዋለው ሰው ብቻ ነው፤ በሁለታችሁ መካከል ያለው ስምምነት ግን በዚህ ምክንያት አይሞትም። ይህንን ከቁም ነገር የማይቆጥር ጠበቃ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ማስረጃ ሲሰበስቡ ሥራ ሠርተው እንደነበር ለማሳየት አይድከሙ፤ ተቀጣሪም ይሠራል። እኔ የፓርኩን የመግቢያ ደረሰኝ፣ ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) እና ከምግብ አብሳይ ጋር የተነሣሁትን ፎቶግራፍ፣ በጨነቅ ካምፕ እንግዶች የጻፉልኝን ምስጋና ሁሉ በካርቶን ሞልቼ ይዤ ነበር፤ እርሱም «አዎን፣ ጎበዝ ሠራተኛዬ ነበር» ብሎ ሁሉንም በአንድ ቃል አመነልኝ። ነገሩን የለወጠው ሌላ ወረቀት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ቀብድ የከፈሉ እንግዶች ጉዟቸውን ሰርዘው ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። እርሱ ከአዲስ አበባ ሆኖ፣ «የሚመለሰው ገንዘብ ይህን ያህል ነው፣ ግማሹ ያንተ ነው፣ ቶሎ አስገባ» ብሎ መልእክት ላከልኝ፤ እኔም በበነጋው ከቁጠባዬ አውጥቼ በባንክ አስተላለፍሁለት። ያ የባንክ ማስረጃና ያ መልእክት አንድ ላይ ሲቀርቡ ክርክሩ በአንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፦ የአሠሪውን ኪሳራ እኩል የሚከፍል ተቀጣሪ ከየት ይገኛል? ለዚህ መልስ አልነበረውም። ስለዚህ እርስዎም ኪሳራ የተካፈላችሁበትን ቀን ይፈልጉ። በኮሮናው ጊዜ ወይም ጦርነቱ ደባርቅና ዳባት ድረስ በመጣበት ወቅት ሥራ ላይ ከነበራችሁ ያለ ጥርጥር አንድ ቦታ ላይ ተካፍላችኋል። የሞተች በቅሎ ካሣ ሊሆን ይችላል፣ የተቀደደ ድንኳን መተኪያ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የጠቀመኝ የበቅሎ ኪራይ የምመዘግብበት ደብተሬ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ቢያየው ሊስቅበት ይችል ይሆናል፤ ሽፋኑ የላምባ ዘይት የጠጣ፣ ገጾቹ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ካምፖች የተከፈሉ፣ በየገጹ ግርጌ የበቅሎ ባለቤቶቹ የአውራ ጣት ፊርማ ያረፈበት ተራ ደብተር ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ግን ከመጨረሻው ገጽ ላይ ወጪው ተቀንሶ የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም የሁለታችን ፊርማ አለ። ይህንን ደብተር ማንም ሳያዘኝ በየዓመቱ አስፈርም ስለነበር እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል የነበረው ስለ ንግድ ስሙ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ ቢሮው መናገር ይኖርብኛል፣ ምክንያቱም እርስዎም እዚያው በር ላይ መቆምዎ አይቀርም። ክርክሩ እስኪያልቅ ፈቃዱ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ የሚያመለክት ደብዳቤ ይዤ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ሄድሁ። ሦስት ጊዜ «ነገ ና» ከተባልሁ በኋላ የገባሁበት ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስምህ ፋይሉ ላይ የለም፤ ስምህ ሲኖር ትመጣለህ» አለኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉና ቀሪው ላይ ማኅተም አሳርፉልኝ ብል እርሱንም ከለከለኝ። መንግሥት ለዜጋ ጆሮ እንዲሰጥ ያስቀመጠው ሰው ወረቀት አልቀበልም ማለቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ልመናው ግን አላስፈለገኝም። ያንኑ ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ላክሁት። የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፤ ቢሮው «አላወቅሁም» የሚልበት መንገድ ተዘጋ። እርስዎ በር ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ አንድ ጊዜ በአካል ይሂዱ፣ እምቢ ካሉ ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት ይግቡ።

ወደ ስሙ ልመለስ። እርስዎ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብለዋል፤ አምንዎታለሁ፣ የእኛንም ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ግን የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ባልደረባዎ ስሙን በንግድ ምልክትነት አስቀድሞ አስመዝግቦት ከሆነ ምዝገባውን ለማሰረዝ ዓመታት ከመሟገት፣ የስሙ ዋጋ በሂሳቡ ውስጥ ተገምቶ ድርሻዎ በገንዘብ እንዲታሰብ መጠየቁ ይሻላል። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው። ከዚያ የራስዎን ሲከፍቱ ከአሮጌው ጋር የማይመሳሰል ስም ይምረጡ፤ «የቀድሞው እገሌ ቱር» ብለው በገጽዎ ላይ ቢጽፉ ደንበኛን አደናግሯል ተብለው በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ መልሰው ተከሳሽ ይሆናሉ። እንግዶች ስሙን ተከትለው ይሄዳሉ ብለው አይስጉ። እንግዳ የሚያስታውሰው ቧሒት ተራራ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ከፊቱ ቀስ ብሎ የሄደለትን ሰው ነው። ለአገሩ ሰው የሚጠቁመውም እርሱኑ ነው፤ የእኔ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሁሉ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

ሽማግሌ ይግባ ካሉ እሺ ይበሉ። የእኛም ያለቀው በሽማግሌ ነው፤ ክስ ካቀረብሁና ባልደረባዬ የባንክ ማስረጃውንና መልእክቱን ካየ በኋላ ማለት ነው፣ ከዚያ በፊትማ ስልክም አያነሣም ነበር። ይሁን እንጂ ጉልበት ስመው ተላቅሰው ብቻ አይለያዩ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእርቅ ስምምነት በተስማሙት መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ስንት ብር፣ በምን ቀን፣ ስንት ድንኳን፣ ስንት የመኝታ ከረጢት፣ የትኛው የማብሰያ ምድጃ ለማን እንደሚደርስ ተጽፎ፣ ሽማግሎቹም ፈርመውበት፣ ችሎት ባለው መዝገብ ይያያዝ።

እስከዚያው ግን አንድ የማይዘገይ ጉዳይ አለ። ለጥቅምትና ለኅዳር ቀብድ የከፈሉ እንግዶች እንዳሉ ጽፈዋል። ገንዘቡ በእርሱ ሂሳብ ውስጥ ቢሆንም በእርስዎ ቃል የመጡትን ዛሬውኑ በራስዎ ኢሜይል ያግኙአቸው፤ ስለ ጠቡ አንድም ቃል ሳያነሡ፣ ከእንግዲህ በዚያ ድርጅት ውስጥ እንደማይሠሩና ስለ ክፍያቸው ገንዘቡን የተቀበለውን ሰው እንዲጠይቁ ብቻ ይግለጹላቸው። የጻፉትንም አትመው ከሌሎቹ ማስረጃዎችዎ ጋር ያስቀምጡ። ላለፈው ወቅት ያልተከፈላቸው በቅሎ ጫኞች ካሉም ግማሹን ከኪስዎ ይክፈሉና ያስፈርሙ፤ ያም ቢሆን ኪሳራ የተካፈሉበት ወረቀት ነው።