ለቤተሰብ ዴስክቶፕ ዕቃ ለሚመርጡ እህታችን፦ ከፓወር ሰፕላዩ ይጀምሩ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። «ለሁለት ተማሪ ልጆቼና ለራሴ የሂሳብ ሥራ የሚሆን፣ ቶሎ የማይበላሽ ዴስክቶፕ ዕቃ በዕቃ ገዝቼ ማስገጣጠም እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ፕሮሰሰርና የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» ብለው የጠየቁትን አነበብኩ። ከእኔ በፊት የመለሱልዎ ወንድሞች ስለ ፕሮሰሰር በሰፊው ስለጻፉ፣ እኔ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። በከተማችን የቤት ኮምፒውተርን ዕድሜ የሚያሳጥረው የፕሮሰሰር ማነስ አይደለም፤ መብራቱ ነው። ስለዚህ በጀትዎን ሲደለድሉ መጀመሪያ ለፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ወደሚስማማ ኃይል ለሚለውጠው ዕቃ) እና ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ ለሚያቆየው ዕቃ) የሚሆነውን ይለዩ፤ የቀረውን ዕቃ በተረፈው ይግዙ። እርስዎም እንደ እኔ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይመስለኛል፤ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ የሚደክምበት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስም ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ሳይል የማይረጋበት ቤት ማለቴ ነው።

1ኛ፦ ከኬዝ (ዕቃዎቹ ከሚገጠሙበት ሣጥን) ጋር አብሮ የሚሸጥ ፓወር ሰፕላይ በፍጹም አይቀበሉ። ብዙ ሱቆች ኬዙን «ከነፓወሩ» ብለው ይሸጣሉ፤ ጎኑ ላይም በትልቁ 500 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል። ትልቁን ጽሑፍ ይተዉትና ከሥሩ ያለውን ትንሽ ሠንጠረዥ ያንብቡ። በሠንጠረዡ ላይ +12 ቮልት የሚል ረድፍ አለ፤ እዚያ የተጻፈውን አምፒር በ12 ያባዙት። 16 አምፒር የሚል ከሆነ ውጤቱ 192 ዋት ነው፤ የዛሬ ኮምፒውተር ፕሮሰሰርም ሆነ ግራፊክስ ካርድ የሚመገበው በዋናነት ከዚህ መስመር ስለሆነ፣ 500 የሚለው ቁጥር ለእርስዎ ምንም አይፈይድም። ትክክለኛ የሆነ ባለ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ በዚሁ ረድፍ ላይ ከ35 አምፒር በላይ ይጽፋል። ሌላው ምልክት ከጀርባው ያለችው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ ናት። ደህና የሆኑት አዳዲስ ሞዴሎች ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሳቸው ስለሚለዩ ማንሸራተቻ አያስፈልጋቸውም፤ ያለው ከገጠመዎትና 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ግን ወዲያውኑ ይቃጠላል። «80 ፕላስ» የሚለውን ምልክት በተመለከተ ደግሞ፣ ምልክቱ የሚመሰክረው ኃይል አለማባከኑን እንጂ ከቮልቴጅ መዛባት መጠበቁን አይደለም፤ ስቲከሩም ፎርጅድ ስለሚሠራለት የሞዴሉን ቁጥር በ80 ፕላስ ድረ ገጽ ዝርዝር ውስጥ ፈልገው ያረጋግጡ።

ይህን ያህል የማጠብቀው በምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. ለቤታችን ኮምፒውተር ሳስገጣጥም፣ በፕሮፎርማው ላይ የፓወር ሰፕላዩ ሞዴል በስሙ ተጽፎ፣ ዋጋውም ለብቻው ተቀምጦ፣ እኔም ሙሉውን ከፍዬ ነበር። ሱቁ ያስገባልኝ ግን ከኬዙ ጋር የመጣውን ነው። ኮምፒውተሩን የተረከብኩት ኬዙ ታሽጎ ሲሆን፣ በጎኑ መጋጠሚያ ላይ የዋስትና ስቲከር ተለጥፎበት፣ «ስቲከሩ ከተቀደደ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚል ማሳሰቢያም አብሮ ተሰጥቶኝ ነበር። እንግዲህ ያስቡት፤ ዋስትናዬን ሳላጣ የከፈልኩበት ዕቃ ውስጡ መኖር አለመኖሩን ማየት አልችልም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሠራ። ከዚያ ማታ ማታ፣ በተለይ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት፣ በራሱ ጠፍቶ ይነሳ ጀመር። ሱቁ ስደውል «ቫይረስ ነው፣ ዊንዶውሱን እንጫንልዎት» አሉኝ፤ ጫኑትም፣ አስከፈሉኝም። በመጨረሻ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከኬዙ ጀርባ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተሞላ። ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሄደም፤ ማዘርቦርዱን (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ) እና ኤስኤስዲውን (ፋይሎች የሚቀመጡበትን ዲስክ) ይዞ ነው የሄደው። ባለቤቴ ለግብር ያዘጋጀችው የዓመቱ መዝገብና የልጆቹ ፎቶግራፎች በዚያው ቀሩ።

ስቲከሩን ቀድጄ ስከፍተው ያየሁት ከላይ የነገርኩዎትን ባለ 16 አምፒር ዕቃ ነው። ፕሮፎርማውን ይዤ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ የነበረው፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ወጣት፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «መብራት ለበላው ዕቃ እኛ አንጠየቅም፤ ደግሞ ስቲከሩን ቀደኸዋል» አለኝ። ሞዴሉ ለምን እንደተለወጠ ስጠይቀው «ያኔ ያ ዕቃ አልቆ ነበር፤ ተመጣጣኙን ነው ያስገባንልህ» አለ። ሳይነግሩኝ ለውጠው የዋናውን ዋጋ መቀበላቸው ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። የተሰጠኝ ደረሰኝ «ኮምፒውተር 1» ብቻ ስለሚል የትኛው ዕቃ እንደተሸጠልኝ የሚያስረዳ ሕጋዊ ወረቀት በእጄ አልነበረም፤ ይህንንም እነርሱ ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ደረሰኙ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ከነሞዴሉ እንዲዘረዘር ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። ኬዙም ሳይታሸግ፣ ዕቃው እየታየ ይገጣጠምልዎት፤ የእያንዳንዱን መለያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ካርቶኖቹንም ሁሉ ይዘው ይሂዱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ኮምፒውተሩን ሳይቆጥቡ ያሠሩት፤ ከባድ ጨዋታ ልጆችዎ ይጫወቱበት፣ ረጅም ቪዲዮ ይክፈቱበት። የሚወድቅ ዕቃ ካለ ያኔውኑ ቢወድቅ ይሻላል።

2ኛ፦ ዩፒኤስ። ስታቢላይዘር ብቻውን አይበቃም፤ የቮልቴጁን መውጣትና መውረድ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያሻግርም። «ላይን ኢንተራክቲቭ» የሚባለው ዓይነት ዩፒኤስ ሁለቱንም ስለሚያደርግ እርሱን ይምረጡ። በካርቶኑ ላይ 650 ቪኤ የሚለው ዋት አይደለም፤ በዋት ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ 360 አካባቢ ነው። እኔ ከዚህ በታች ለምመክርዎት ኮምፒውተርና ለአንድ ስክሪን ግን በቂ ነው፤ ሥራዎን አስቀምጠው በሥርዓት እስኪያጠፉት ያቆይዎታል። ሌዘር ፕሪንተር በዩፒኤሱ ላይ አይሰኩ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው። አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ርካሽ ዩፒኤስ ከሚያወጣው የተቆራረጠ ሞገድ ጋር ስለማይስማሙ፣ ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ያስነቅሉና ይመልከቱ። ከጠፋ ጥንዱ አይሆንም፤ አንዱን ያስለውጡ። ባትሪው ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደክም፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነው ዓይነት ለብቻው ተገዝቶ እንደሚለወጥ ይወቁ፤ ዩፒኤሱን በሙሉ አዲስ ግዙ ቢሉዎት አይስሙ።

ከዚህ ጋር የምድር ሽቦውን ጉዳይ አደራ እላለሁ። የኬዙን ብረት በእጅዎ ሲነኩት ስስ ንዝረት ከተሰማዎት፣ የግድግዳው ሶኬት ወይም ዲቫይደሩ ከምድር ሽቦ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። ፓወር ሰፕላዩ በማጣሪያው በኩል ወደ ምድር የሚሸኘው ጥቂት ኮረንቲ መሄጃ ሲያጣ ኬዙ ላይ ይቀመጣል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው ያሳዩት።

የጠየቁኝን ፕሮሰሰር አልረሳሁትም። ለልጆች ትምህርት፣ ለኤክሴልና ለሂሳብ ሶፍትዌር፣ ለቪዲዮም ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግዎትም፤ ዋጋውን ለኤስኤስዲና ለዩፒኤስ ያውሉት። ራይዘን 5 5600ጂ ወይም ኢንቴል ኮር አይ3 12100 ለዓመታት ያገለግልዎታል። የመጀመሪያው ስድስት ኮር፣ ሁለተኛው አራት ኮር አለው፤ ሁለቱም ስክሪኑን የሚያሠራ ግራፊክስ በውስጣቸው ይዘዋል፤ ብዙ ኃይልም አይስቡም። መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል ግን በደንብ ይዩ። 12100ኤፍ የሚለው ግራፊክስ የለውም፤ ራይዘን 5 5600 «ጂ» ሳይኖረው ከሆነም እንዲሁ። ርካሽ ነው ተብሎ ይሸጥልዎትና ቤት ወስደው ሲሰኩት ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ ከዚያ ካርድ ለመግዛት ተመልሰው ይሄዳሉ። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ኮር አይ7 እና አይ9 «የመጨረሻው ነው» ብለው ቢያቀርቡልዎትም ለቤት አይግዙ። ከቮልቴጅ ጋር በተያያዘ ችግር ብዙዎቹ ያለመረጋጋት ጠባይ አሳይተው፣ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ችግሩን አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል።

ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለጊዜው የሚጠቀምበት ማህደረ ትውስታ) 16 ጊጋባይት ይሁን፤ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አድርገው ይግዙት። በውስጥ ያለው ግራፊክስ የሚሠራው ከዚሁ ራም ተበድሮ ስለሆነ፣ ጥንድ ሲሆን ፍጥነቱ በግልጽ ይለያል። ኤስኤስዲውን ሲረከቡ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ያስከፍቱና ዕቃው ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየውን መስመር ይዩ። «አዲስ ነው» ተብሎ የተሰጠ ዲስክ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ሲያሳይ በዓይኔ አይቻለሁ። የሂሳብ መዝገብዎንም ከኮምፒውተሩ ውጪ በሌላ ዲስክ ላይ በየሳምንቱ ይገልብጡ፤ የእኛ ቤት መዝገብ የጠፋው ሌላ ቅጂ ስላልነበረው ነው።

ስለ ኬዝ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ፊቱ መስታወት የሆነውን ትተው ወንፊት የሆነውንና የአቧራ ማጣሪያ ያለውን ይግዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚያው ፍጥነት የሚዞር ፋን እዚህ የሚያነሳው ሙቀት ዱባይ ከሚያነሳው ያነሰ ነው። በመስታወት የታፈነ ኬዝ ከአቧራችን ጋር ሲደመር ውስጡን ምድጃ ያደርገዋል።

«ያገለገለ ብራንድ ዴስክቶፕ ይሻላል» ያሉዎት ወንድም በቅን ልቦና እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም በገበያው የሚበዙት የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። በዚያ ላይ የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ የፋብሪካው የራሱ ቅርጽና መሰኪያ ያለው ስለሆነ፣ ሲቃጠል ከሱቅ ገዝተው የሚተኩት አያገኙም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኦንላይንም መሰጠት ስለጀመረ፣ ልጅ ያለው ቤት በድጋፍ አልባ ማሽን ላይ ገንዘብ ማውጣቱን አልደግፍም።

የብር ዋጋ የማልጽፍልዎት ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ፕሮፎርማ ለሳምንት አይሠራም፤ የራም ዋጋ ደግሞ በዓለም ገበያም እየናረ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ተቀብለው ያነጻጽሩ፤ ከመርካቶም ከቦሌም ይሁን።

እኔ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ለማንም ሱቅ አልሰጠሁትም። ዕቃውን ለየብቻው ገዝቼ፣ ያኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከነበረችው ልጄ ጋር በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ገጣጠምነው፤ ፓወር ሰፕላዩን በአራቱ ብሎን ያሰረችው እርሷ ናት። ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ እንደሄደና እንደመጣ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን እስካሁን አንድ ዕቃ አልተለወጠለትም። ለመገጣጠም የሚያስፈልግዎ ባለ መስቀል ጫፍ መፍቻና ከማዘርቦርዱ ጋር የሚመጣው መመሪያ ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎም ከልጆችዎ ጋር እንዲሞክሩት አጥብቄ እመክራለሁ።

ፕሮፎርማዎቹን ሲቀበሉ ከመክፈልዎ በፊት እዚሁ ይለጥፉልን። የፓወር ሰፕላዩ መለያ ሠንጠረዥ ፎቶ ካለ እርሱንም ይጨምሩበት፤ ማታ ከሥራ ስገባ አይቼ እመልስልዎታለሁ።