በፍላሽ ውስጥ ያሉ ፎልደሮች ሾርትከት ሲሆኑ

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ጽሑፍ አሳትመው ቤት ሲገቡ፣ በፍላሽዎ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ወደ ሾርትከት (ሌላ ፋይልን ወደሚከፍት አቋራጭ ምልክት) ተለውጠው እንዳገኟቸው ገልጸው፣ ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም በውስጡ ያለውን ሁሉ መደምሰስ፣ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አይቸኩሉ፤ እንዲህ ያለው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ሰነዶቹን አያጠፋም፤ ከዓይን ሰውሮ በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ያን ሾርትከት የከፈተ ሰውም ሳያውቀው ቫይረሱን ያስነሣዋል።

አስቀድሞ መጽዳት ያለበት ኮምፒውተሩ ነው፤ አለዚያ ፍላሹ በተሰካ ቁጥር ዳግም ይበከላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን አንቲቫይረስ፣ የዊንዶውስ ዲፌንደርን መረጃ ካደሱ በኋላ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ይምረጡ፤ ይህ ምርመራ ማሽኑን አጥፍቶ በማስነሣት ዊንዶውስ ሥራ ሳይጀምር ስለሚፈትሽ፣ ቫይረሱ ራሱን የሚደብቅበት ዕድል ይጠብበታል። አብዛኛውን ጊዜ ወደ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ መብራት እንዳያቋርጠው ግን የላፕቶፑን ባትሪ ሞልተው ይጀምሩ።

ከዚያ ሾርትከቶቹን ሳይነኩ፣ በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚሰውረውን ምልክትም ያንሡ፣ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። የራስዎን ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ገልብጠው ካወጡ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይችላሉ።

ለወደፊቱ የሚታተመውን በፒዲኤፍ አዘጋጅተው በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ለማተሚያ ቤቱ መላክ ይመረጣል። ማይክሮሶፍት ኦፊስንም ሆነ ዊንዶውስን ሳይከፍሉ በነፃ እናሠራለን የሚሉ፣ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን፣ በእኔ እምነት፣ ጓደኛ ቢሰጥዎትም አይጫኑ።